ስለ ደኅንነት የተነገረው የት ገባ?

አክስቴ ሾላ ገበያ ሽንኩርትና ድንች ትቸረችራለች። ባለፈው ዓመት በጾም መግቢያ ሰሞን፣ ገበያው በደራበት ሰዓት ስልኳ ጮኸ። ደዋዩ ስሟን ከነአባቷ ጠርቶ፣ በስልኳ ያለው የገንዘብ ሒሳብ ሊዘጋ መሆኑን ነገራትና፣ እንዳይዘጋባት አሁን በመልእክት የሚደርሳትን ስድስት አኃዝ ቶሎ እንድታነብለት በትሕትና ጠየቃት። አነጋገሩ የጨዋ ልጅ አነጋገር ነበር፤ "እናቴ" ይላት ነበር። እርሷም አነበበችለት። ብዙም ሳይቆይ ለአከፋፋዩ ልትከፍለው ያጠራቀመችው ገንዘብ ከሒሳቧ ወጣ።

ወሬው ወዲያው ለእኔ ደረሰኝ። ከቤተ ሰባችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ብቻ ስለ ሆንሁ፣ ስለ ስልክና ስለ ኮምፒዩተር የማላውቀው ነገር ያለ አይመስላቸውም። (የማጠናው ሥነ ጽሑፍ መሆኑን ስንት ጊዜ ነግሬአቸዋለሁ።) ደግነቱ ይህንኑ ማታለያ አንድ የሙያው ሰው በአማርኛ ሲያስረዳ ሰምቼ ነበር፤ በኢንተርኔት በተላለፈ አንድ የሳይበር ደኅንነት ጉባኤ ላይ ነው። ሌቦቹ የሰውን ስም ከየት እንደሚያገኙት፣ ስድስቱ አኃዝ የምን ቁልፍ እንደ ሆነ፣ ገንዘቡ ከወጣ በኋላም ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ተበዳዩ ምኑን አስቀድሞ ምኑን ማስከተል እንደሚገባው ዘርዝሮ ነበር። እኔ ግን ቅደም ተከተሉን ረስቼዋለሁ። ቪዲዮውን ፈልጌ አገኘሁት፤ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው። አራት ተናጋሪዎች አሉበት፤ የመክፈቻ ንግግር አለበት፤ የምስጋና ንግግር አለበት፤ መብራት ጠፍቶ ሁሉም ዝም ያሉበት ሰባት ደቂቃም አለበት። ወደ ፊት ብገፋው፣ ወደ ኋላ ብመልሰው አልገኝ አለኝ። በመካከሉ የገዛሁት የኢንተርኔት ጥቅል አለቀ።

ያንን ቦታ ያገኘሁት በማግሥቱ ረፋድ ላይ፣ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ነው። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ነበር። ተናጋሪው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ደውሎ ሒሳቡን ማሳገድ፣ የመጣውን መልእክት አለመደምሰስ፣ ወደ ፖሊስ መሄድ ግን ከዚያ በኋላ መሆን እንዳለበት ይናገራል። አክስቴ በእኔው ምክር መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ተራ ስትጠብቅ ውላለች፤ መልእክቱንም ተናድዳ ደምስሳዋለች።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህን የማወራችሁ ለአክስቴ እንድታዝኑላት ብዬ አይደለም፤ እርሷ ተበድራ ሥራዋን ቀጥላለች። የሚያሳዝነኝ ዕውቀቱ መኖሩ ነው። በቋንቋችን ተነግሯል፤ በይፋ ተነግሯል፤ ያለ ዋጋም ተቀምጧል። ያልነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የተነገረው ቃል በቃል ተጽፎ፣ ሰው የሚፈልገውን ቃል ቢያስገባበት ቦታውን የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። የውጭ አገር ሰዎች ይህን ትራንስክሪፕት ይሉታል። በእኛ ግቢ ግን ትራንስክሪፕት የተባለ እንደ ሆነ ሁሉም ሰው የሚያስበው ከሬጅስትራር የሚወጣውንና ለወላጅ የማይታየውን ወረቀት ስለ ሆነ፣ እኔ እዚህ ላይ ግልባጭ እለዋለሁ።

የግልባጭን ጥቅም ለመረዳት በኪስ ሒሳብ መጀመር ይቻላል። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በዝቅተኛ የምስል ጥራት እንኳ ሁለት መቶ ሜጋባይት ገደማ ይበላል። የዚያው የአንድ ሰዓት ንግግር ጽሑፍ፣ አንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት የሚይዝ መሆኑን አስበንም፣ ከመቶ ኪሎባይት እምብዛም አይበልጥም። ልዩነቱ ወደ ሁለት ሺህ እጥፍ ነው። ጥቅል እየቆጠረ ለሚገዛ ተማሪ ይህ የምቾት ነገር አይደለም፤ ማወቅ ወይም አለማወቅ ነው። መስማት ለተሳናቸው ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ ቪዲዮው ያለ ግልባጭ ምንም ማለት አይደለም። ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል ስለማያስፈልግ አልፈዋለሁ።

አንዳንዱ አንባቢ "ይህ የሠለጠነው ዓለም ቅንጦት ነው" ይል ይሆናል። እንዲያውም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ 17ኛውን ስብሰባውን ያደረገው በዚሁ በከተማችን፣ በአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን አዳራሽ ነበር፤ በአካል ያልመጣውም በኢንተርኔት ይካፈል ነበር። ስለ ሳይበር ደኅንነት፣ ስለ ሕፃናት ጥበቃ፣ ስለ መረጃ ምሥጢርነት የተደረገው ንግግር ሁሉ ከተናጋሪው አፍ ሲወጣ እየተጻፈ፣ ስሕተት ሊኖርበት እንደሚችል ከነማስጠንቀቂያው በጉባኤው ድረ ገጽ ላይ ተቀምጧል። በእነዚያ ቀኖች በትግራይ ኢንተርኔት ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ተቋረጠ ነበር። ስለ ኢንተርኔት ለመነጋገር ዓለም በተሰበሰበበት አዳራሽ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ማን ምን አለ፣ ማንስ ዝም አለ ብሎ መመርመር የሚፈልግ ተማሪ፣ ዛሬ የካ ሚካኤል አጠገብ ካለው ቤቱ ሆኖ ጥቂት ፊደል ቢጽፍ ቦታውን ያገኘዋል። የታሪክ ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን ይህ ምን ዓይነት ሀብት እንደ ሆነ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ነገር ግን ግልባጩ በእንግሊዝኛ ነው። በዚያው ከተማ በአማርኛ የሚነገረው ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ጥቅምት በመጣ ቁጥር የሳይበር ደኅንነት ወር ይከበራል፤ ዐውደ ጥናት ይደረጋል፤ ባለሙያ ይናገራል፤ ይቀረጻልም። እኔ ቁጭ ብዬ ከሰማኋቸው የአማርኛ ቅጂዎች ግን አንዱም ግልባጭ ሲኖረው አላጋጠመኝም።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ2013፣ በ2014 እና በ2017 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ በኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች ኮምፒዩተር ላይ ስለ ተላኩ የስለላ ፕሮግራሞች በተከታታይ ጽፏል። እነዚህ ሐተታዎች በጽሑፍ የወጡ ስለ ሆኑ ዛሬም ማንም ሰው በደቂቃ ውስጥ አግኝቶ ሊመረምራቸው፣ ሊያምናቸው ወይም ሊከራከራቸው ይችላል። በየጉባኤው በቃል የሚነገረው ግን፣ ግልባጭ ከሌለው፣ በሰዓታት ቅጂ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ስለ ራሳችን አገር የተነገረውን እኛው ካላገኘነው ማን ያገኝልናል?

በጀርመን አገር ካኦስ ኮምፒዩተር ክለብ የሚባል፣ በ1981 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ማኅበር አለ። ከ1984 ጀምሮ በፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ላይ የሚያደርገው ጉባኤ በሙያው ዓለም ስመ ጥር ነው። በዚያ ጉባኤ ወንበር የሚደረድረውም፣ በር የሚጠብቀውም፣ ገመድ የሚዘረጋውም ሁሉ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሲሆን፣ እነዚህን አገልጋዮች "መላእክት" ብለው ይጠሯቸዋል። ከመላእክቱ መካከል የንግግሮቹን ቃል እየሰሙ የሚጽፉና የሚያርሙ አሉ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ትንሽ አፈርሁ። እኛ ደቦ የምንልና ጅጌ የምንል ሕዝብ፣ አንድ ቀን የተነገረልንን ትምህርት በጋራ ለመጻፍ ሐሳቡ እንኳ ሳይመጣልን መኖራችን ገረመኝ።

ደግሞም ሥራው ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአንድምታ ትርጓሜ ምንድን ነው? መምህር በቃሉ ያስተማረው፣ ደቀ መዝሙር በቃሉ የያዘው፣ ለብዙ ትውልድ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ፣ በኋላም በብራና ላይ የሰፈረና በሃያኛው መቶ ዘመን የታተመ የቃል ትምህርት ነው። ያን ሥራ የሠሩት ኢንጂነሮች አልነበሩም፤ የቋንቋና የመጻሕፍት ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ ዛሬም የደኅንነት ንግግር ግልባጭ ጉዳይ ሲነሣ የኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪ "ይህስ የኮምፒዩተር ልጆች ሥራ ነው" ብሎ ፊቱን ቢያዞር አልስማማም። እንዲያውም አስቸጋሪው ክፍል የእኛ ነው። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ደኅንነት የሚለውን ቃል ራሱን ተመልከቱ። እኔ ከግዕዙ ድኅነ የመጣ፣ መድኃኒትም መድኃኔ ዓለምም ከእርሱ የሚወለዱ ነው ተብዬ ስለ ተማርሁ በብዙኃኑ ኅ እጽፈዋለሁ። ጋዜጦች በአብዛኛው በሃሌታው ህ ይጽፉታል። በሐመሩ ሕ የሚጽፈውም አለ። ለሚያነብ ሰው ሦስቱም አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስቱ ፊደላት ሦስት ልዩ ልዩ ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱን ብትጽፍለት ሁለቱን አያይም። ስለዚህ የደኅንነት ጉባኤን ግልባጭ ደኅንነት በሚለው ቃል ብንፈልገው ከፊሉ ብቻ ሊወጣ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። "ሐሰተኛ መልእክት" የሚለውን ሐረግ ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል በግዕዙም በራብዑም በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለተኛው በእሳቱ ሰ ወይም በንጉሡ ሠ፤ መልእክትም በአልፋው እ ወይም በዐይኑ ዕ። ብታባዙት ሃያ አራት ይሆናል። አንድ ሰው ከእንጦጦ ወርዶ ስለ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ያነበበውን እንደገና ቢፈልግ ይኸው ችግር ይገጥመዋል፤ ምሕረትን በየትኛው ሕ እንደ ጻፉት አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው ችግር ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። በእንግሊዝኛ ስልክ የሚለውን ቃል የጻፈ ሰው፣ ስልኮች የሚለውንም ያገኛል፤ የቃሉ መጨረሻ ላይ ይጨመራል እንጂ የነበረው አይለወጥምና። በእኛ ቋንቋ ግን ስልክ፣ ስልኬ፣ ስልኩ፣ ስልካችን ስንል የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል፤ ለኮምፒዩተሩ ክ እና ኬ ዘመድ አይደሉም። ስለዚህ "ስልክ" ብሎ የፈለገ ሰው "ስልኬን ሰረቁኝ" የሚለውን አያገኝም። ብልጠት አደርጋለሁ ብሎ "ስል" ብቻ ቢጽፍ ደግሞ ስልቱም ስልጣኑም ስልጣኔውም እየተግተለተለ ይመጣበታል።

መፍትሔው ምንድን ነው? ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ፣ አይቀነሱም የሚል ክርክር አለ፤ በዚህ መጽሔትም ቢነሣ አንባቢ አያጣም። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ መግባትም አያስፈልግም። ጸሐፊው እንደ ልማዱ ይጻፍ፤ ጽሑፉም እንደ ተጻፈ ይታይ። በፍለጋው ጊዜ ብቻ ከመጋረጃው ጀርባ ኮምፒዩተሩ ሀ፣ ሐ፣ ኀን እንደ አንድ፣ ሰና ሠን እንደ አንድ፣ አና ዐን እንደ አንድ፣ ጸና ፀን እንደ አንድ ይቍጠር፤ የቃሉን የመጨረሻ ፊደልም ወደ ሳድሱ መልሶ ያመሳክር። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ የሆነ አንድ ጓደኛችን ይህን በአንድ ማታ ሠራው። የትኛው ከየትኛው ይመሳሰል፣ የትኛው ቅጥያ ይነሣ፣ የትኛው ደግሞ ቢነሣ ቃሉን ያበላሻል የሚለውን ዝርዝር ግን የሰጠነው እኛ ነን፤ ለዚያ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ጓደኛችንም መጀመሪያ ይህን ያህል የምንጨቃጨቀው ስለ ምን እንደ ሆነ አልገባውም ነበር። በግዕዙ ሠረቀ ማለት ፀሐይ ወጣች ማለት ሲሆን ሰረቀ ማለት ደግሞ ሌባ ወሰደ ማለት ነው፣ ሁለቱን አንድ ካደረግህ ይደባለቃሉ ብንለው፣ "በደኅንነት ጉባኤ ላይ ስለ ፀሐይ ማን ያወራል?" አለን። እውነቱን ነው፤ ተሸነፍን።

ሦስተኛው ችግር የቃላት ነው። አንዱ ተናጋሪ "ፓስወርድ" ይላል፤ ሌላው "የይለፍ ቃል"፤ ሌላው "የምሥጢር ቍጥር"። አንዱ "ፊሺንግ" ሲል ሌላው "የማጥመጃ መልእክት" ይላል። አክስቴ ደግሞ ከእነዚህ አንዱንም አትልም። እርሷ የምትጽፈው "ደውለው ብሬን ወሰዱብኝ" ብላ ነው። እንግዲህ የሙያውን ቃል ብቻ ይዞ የሚቀር ግልባጭ የሚጠቅመው ሙያውን አስቀድሞ ለሚያውቀው ሰው ነው። የተናጋሪውን ቃል ግን መለወጥ አይገባንም፤ እርሱ ያለው እርሱ እንዳለው ይቀመጥ። የእኛ ሥራ በየክፍሉ ራስጌ ላይ፣ የእኛ መሆኑ እንዲታወቅ በልዩ ምልክት ለይተን፣ ገበያ ውስጥ ያለ ሰው በሚናገረው አማርኛ አንድ መስመር አርእስት መጻፍ ነው። ይህ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከብዙ የቤት ሥራ የተሻለ ልምምድ ነው ብዬ አምናለሁ።

"ማሽን ይጽፈዋል፤ ለምን ትደክማላችሁ?" የሚሉን አሉ። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ዊስፐር የተባለው የንግግር መጻፊያ ሲወጣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ መካከል ተቈጥሮ ስለ ነበር ደስ ብሎን ነበር። ይሁን እንጂ ሠሪዎቹ ራሳቸው ባሳተሙት መመዘኛ የአማርኛው ስሕተት ከመቶ ከመቶ በላይ ነበር፤ ይኸውም የተነገሩትን ቃላት ከመሳቱም በላይ ያልተነገሩ ቃላትን ይጨምር ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሻሉ መጥተዋል፤ ወደ ፊትም ይመጣሉ። ነገር ግን ማሽኑ የሚማረው ከምንድን ነው? ሰው ቁጭ ብሎ ከጻፈው ነው። ዶክተር ሰሎሞን ተፈራ አባተ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የአማርኛ የንግግር ክምችት መቶ ሰዎች ያነበቡት ሃያ ሰዓት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ተመራማሪዎች የቆሙት በዚያ ላይ ነው። ሃያ ሰዓት! የእኛ ግቢ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ከሃያ ሰዓት በላይ ለሻይ ይሰለፋል። ደግሞም ያ በንባብ የተቀረጸ ንግግር ነው፤ በጉባኤ ላይ ሰው ሲናገር ግማሹን በእንግሊዝኛ እየቀላቀለ፣ እየተቋረጠ፣ እየሳለ ነው። እኛ የምንጽፈው ግልባጭ ሰውንም ያገለግላል፤ ነገ ለሚመጣው ማሽንም ፊደል ማስቈጠሪያ ይሆናል።

"የሌባን ዘዴ ጽፋችሁ ብታስቀምጡ ሌባ ይማርበታል" የሚለውን ተቃውሞ ከአንድ የማከብረው መምህር ሰምቻለሁ። መልሴ አጭር ነው። ሌባው ዘዴውን ያውቀዋል፤ የማታውቀው አክስቴ ናት። ኦጉስት ኬርክሆፍስ በ1883 እ.ኤ.አ. ስለ ወታደር የምሥጢር ጽሕፈት ሲጽፍ፣ ዘዴው በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት እንዳይመጣ፣ ምሥጢር ሆኖ የሚቆየው ቁልፉ ብቻ መሆን እንዳለበት ተናግሯል፤ የደኅንነት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይህን እንደ መሠረት ይቆጥሩታል። በሕዝብ ፊት የተነገረ ንግግር ደግሞ አስቀድሞም ምሥጢር አልነበረም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ እርሱም የተናጋሪው መብት ነው። በአዋጅ ቍጥር 410/1996 መሠረት ንግግርም ሆነ ሌክቸር የቅጅ መብት ያለው ሥራ ነው። ስለዚህ ያለ ፈቃድ የሰውን ንግግር ጽፎ ማባዛት አይገባም። እኛም ጠይቀናል፤ ተናጋሪውም ፈቅደዋል፤ አንድ ነገር ብቻ ለመኑን፤ ከመውጣቱ በፊት እርሳቸው እንዲያዩት። ልመናቸው ትክክል መሆኑን የተረዳሁት በገዛ ስሕተቴ ነው።

ሥራውን የጀመርነው አምስት ሆነን ነው። ግቢው ውስጥ ጸጥታ ስለ ጠፋ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ዳገት ወጥተን፣ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማን እንጽፍ ነበር። ለአሥር ደቂቃ ንግግር አንድ ሰዓት ከሩብ ያስፈልጋል፤ ይህን ልምድ ያላገኘ ሰው አያምንም። እኔም ደክሞኝ ስለ ነበር፣ ተናጋሪው በችኮላ "አትስጡ" ያሉትን "ስጡ" ብዬ ጻፍሁት። አንዲት "አት" ናት የወደቀችው። ስድስቱን አኃዝ ለደወለላችሁ ሰው ስጡ የሚል ምክር በአንድ የተከበሩ ባለሙያ ስም ልናወጣ ነበር ማለት ነው። ያዳነን ሁለተኛዋ ሰሚ ናት፤ ጎንደሬ ናት፣ ጆሮዋ ቅኔ የለመደ ነው፣ "ይህ እንዴት ይሆናል?" ብላ መልሳ አዳመጠችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንኛውም ደቂቃ በሁለት ሰው ሳይሰማ አይጸድቅም ብለን ወስነናል። ያልተሰማውን ቃል በግምት አንሞላም፤ "አልተሰማም" ብለን ደቂቃውን እንጽፋለን። የተናጋሪውን ሰዋስው አናሳምርም። በየአንቀጹ ፊት የደቂቃውን ቍጥር እናኖራለን፤ ያላመነን ሰው ወደ ቅጂው ሄዶ በጆሮው እንዲሰማ ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ረቂቅ አንብቦ፣ "አንተ ስለሚፈለግ ጽሑፍ ስታወራ የምታሳትመው በማባዣ በታተመ መጽሔት ላይ ነው፤ በዚህ ላይ ቃል እንዴት ይፈለጋል?" ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ ተገቢ ነው። የመጽሔቱ አዘጋጅም ሰምቶ፣ የየእትሙን ረቂቅ በኮምፒዩተር እንድናስቀምጠው ፈቅዷል፤ ፊደሉ ዩኒኮድ ይሁን እንጂ በድሮው ግዕዝ ፕሮግራም የተጻፈ አይሁን ብለን አደራ ብለናል። ፊደላችን በዩኒኮድ መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሆኖ ሳለ፣ ዛሬም በየጽሕፈት ቤቱ በአሮጌው ፕሮግራም ተጽፎ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ የሚሆን ሰነድ ስንት እንዳለ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ከሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃው ውስጥ እስከ ዛሬ የጻፍነው አንድ ሰዓት ከሩቡን ነው። የጀመርነው ከመግቢያው ሳይሆን ከአንድ ሰዓት ከሃምሳኛው ደቂቃ ነበር፤ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ያንን ክፍል በአንድ ገጽ አትመን ለአክስቴ ሰጥቻት፣ ሾላ በመደብዋ ላይ ከሚዛኑ አጠገብ ለጥፋዋለች፤ ጎረቤቶቿ ቆመው ያነቡታል። የሚቀረን አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ነው። በእኛ ፍጥነት ጽሕፈቱ ብቻ አሥር ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ አሥር ሰው ቢመጣ ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይደርሰዋል። ቅዳሜ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ከተማሪዎች ማኅበር ክፍል ፊት ለፊት እንገናኛለን። የጆሮ ማዳመጫ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ያለን ሦስት ብቻ ነው፣ ከእርሱም አንዱ በግራ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው።